ያረጀ ቀይ ወይን በመጀመሪያው ጉንጭ አይፈረድበትም፦ የ1999 ሻቶ ሙሳር

ዘለላ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለሁላችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፤ ጠርሙሱ ላይ ያለውም እሱ ነው።

ያረጀ ቀይ ወይን የምትገዙ፣ ወይም በስጦታ የደረሳችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከፍታችሁ ወዲያው አትፍረዱበት። ሰሞኑን ከጓደኞቼ ጋር የ1999 ሻቶ ሙሳር ቀይ ከፍተን ነበር። የመጀመሪያውን ጉንጭ እንደቀመሱ ገሚሶቹ «ይሄማ ኮምጥጧል» ብለው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። እባካችሁ አትድፉት፣ እራት እስክንበላ ጠብቁት አልኳቸው። እራት በልተን ስንጨርስ የቀረችውን ለመካፈል ሁሉም ብርጭቆውን ይዞ መጣ። በመሃል ምን እንደሆነ በዝርዝር መጻፍ ፈለግኩ። ብዙ ሰው ግሩም ወይን ሳይቀምሰው እየደፋ ነው ብዬ ስለማምን ነው።

መጀመሪያ ስለ ወይኑ። ሙሳር የሊባኖስ ነው። ጋስቶን ሆሻር በ1930 ከቤይሩት በስተሰሜን ጋዚር ላይ መሠረተው። ልጁ ሰርጅ ሆሻር ፈረንሳይ አገር ቦርዶ ተምሮ ከ1959 ጀምሮ ጠመቃውን ያዘ፤ በ2014 መጨረሻ እስኪያርፍ ድረስም ስሙ ከወይኑ ተለይቶ አያውቅም። እርሻው ግን ጋዚር አይደለም። ከተራራው ማዶ ቤካ ሸለቆ ውስጥ ነው፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ። ፍሬው በየዓመቱ በጭነት መኪና ተራራውን አቋርጦ ነው መጥመቂያው የሚደርሰው።

ቀዩ ወይን የሦስት ዝርያ ቅይጥ ነው፦ ካበርኔ ሶቪኞን፣ ካሪኛን እና ሳንሶ። ድርሻቸው በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ ሦስቱም ይቀራረባሉ። ጥንካሬውንና ጉምዛዜውን የሚሰጠው ካበርኔው ነው። ካሪኛን ጥቁር ፍሬና ስል ያለ አሲድ ያመጣል። ሳንሶ ደግሞ መዓዛውንና ልስላሴውን። እያንዳንዱ ለብቻው በሲሚንቶ ገንዳ ይፈላል፣ አንድ ዓመት ያህል በፈረንሳይ ኦክ በርሜል ይተኛል፣ ከዚያ ይቀየጣል፣ ጠርሙስ ገብቶም ምድር ቤት ዓመታት ይቆያል። ገበያ የሚወጣው በሰባተኛው ዓመት ነው። የ1999ኙ የወጣው በ2006 ነው ማለት ነው። እኛ ስንከፍተው ከተለቀመ ከሃያ ዓመት በላይ አልፎታል።

ስለ አከፋፈቱ። ጠርሙሱ ተጋድሞ ነው የኖረው። ከመክፈታችን በፊት ሙሉ ቀን አቆምኩት፣ አተላው ከታች እንዲቀመጥ። ቡሹን ቀስ ብዬ አወጣሁት። ከዚያ ከጠርሙሱ አንገት በታች የስልክ መብራት አብርቼ በዝግታ ወደ ዲካንተር፣ ማለትም ወይን አየር እንዲያገኝ ወደሚገለበጥበት ሆደ ሰፊ የመስታወት ዕቃ፣ ገለበጥኩት። አተላው አንገቱ ጋ ሲደርስ አቆምኩ። ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሙሳር ሳይጣራ ስለሚታሸግ ነው። አተላው ብዙ ነው፣ አፍ ውስጥ ሲገባም አሸዋ አሸዋ ይላል።

ቀለሙን ስታዩት ትንሽ ትደነግጣላችሁ። ወጣት ቀይ ወይን ወደ ሐምራዊ ያደላል። ይሄ ግን መሃሉ ፈዘዝ ያለ ቀይ ነው፣ ዳርና ዳሩ ደግሞ የሸክላ ቀለም ይዟል። ብርጭቆውን ነጭ ወረቀት ላይ ዘንበል አድርጋችሁ ብታዩት ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የመጀመሪያው ሽታ ሹል ነው። አፍንጫ ይነካል። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሸሸው። አንድ ሰዓት ያህል አየር ሲያገኝ ሹሉ ነገር ወደ ኋላ ቀረ፣ የደረቀ ቼሪና የብርቱካን ልጣጭ ብቅ አለ። እራት ላይ በለስና ቀረፋ መጣ፣ ከዚያ ቆዳና የትምባሆ ቅጠል። አፍ ላይ ጉምዛዜው አለ፣ ግን ድድ አይዝም። ጣፋጭ ፍሬ መጀመሪያ ይመጣና አሲዱ ተከትሎ ያጥበዋል። ከተዋጠ በኋላ ጣዕሙ አፍ ላይ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ለእኔ የጥሩ ወይን ትልቁ ምልክት ይህ ነው፤ ከዋጣችሁት በኋላ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ አስተውሉ።

እናንተስ? ሙሳር ባይሆንም ያረጀ ቀይ ወይን የቀመሰ ካለ ያጫውተን።


ዳኛ ምላስ (አዲስ አበባ)

ዘለላ፣ አጻጻፍህ ደስ ይላል፤ ግን አንድ ቦታ ላይ አልስማማም። ኮምጣጤ የሚሸት ወይን ኮምጣጤ የሚሸት ወይን ነው። ይኸው ሽታ ርካሽ ጠርሙስ ላይ ቢመጣ መልሰህ ትሰጠው ነበር። ሊባኖስ ስለሆነ፣ ዓመቱ ስለራቀ፣ ዋጋው ስለከበደ ጉድለቱ ውበት ሊሆን አይችልም። ሰው ምላሱን ማመን አለበት።


ዘለላ

ጥያቄህ ተገቢ ነው፣ ስለዚህ በደንብ ልመልስልህ።

ያ ሽታ የሚመጣው በዋናነት ከአሴቲክ አሲድ ነው። በየትኛውም ወይን ውስጥ ጥቂት አለ፤ እርሾው ሲፈላ ራሱ ይፈጥረዋል። ጥያቄው መጠኑና አብሮት ያለው ነገር ነው። ሙሳር የሚፈላው ከእርሻው በመጣ የተፈጥሮ እርሾ ነው፣ ወይን እንዳይበላሽ የሚጨመረው ሰልፋይትም በጣም ጥቂት ነው የሚገባበት። በዚህ መንገድ የሚጠመቅ ወይን ይህ አሲድ ከፍ ይልበታል። ሰርጅ ሆሻር ይህን ሳያውቅ አይደለም ያደረገው። ቦርዶ ላይ ያስተማረው ኤሚል ፔይኖ ነው፣ ዘመናዊውን ንጹሕ የወይን ጠመቃ ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ። ንጹሑን መንገድ ተምሮ ሌላውን መረጠ።

ሊባኖስ ስለሆነም አይደለም። የ1947 ሻቶ ሼቫል ብላን የቦርዶ ወይን ነው፣ የካበርኔ ፍራንና የሜርሎ ቅይጥ። ያ ዓመት ከባድ ሙቀት ስለነበረ የዚህ አሲድ መጠኑ ከፍ ያለ ነው። ሆኖም በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከተጠመቁት ታላላቅ ወይኖች አንዱ ተብሎ እስካሁን ይጠራል።

ልዩነቱን በጊዜ ነው የምታውቀው። የሞተ ወይን አየር ሲያገኝ ይብስበታል። ፍሬው ይጠፋል፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታ ብቻውን ይቀራል። ያኔ ድፋው፣ እኔም እደፋዋለሁ። በሕይወት ያለው ግን በየሰዓቱ አዲስ ነገር ያወጣል፣ ሹልነቱም ሽታዎቹን ወደ አፍንጫህ የሚያነሳ ጉልበት ይሆናል። ምላስን ማመን ያልከው ልክ ነው። እኔ የምለው ደጋግሞ ለቀመሰ ምላስ ነው።


አስተናጋጇ (አዲስ አበባ)

ሆቴል ውስጥ ወይን የማቀርብ ነኝ። በዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ከእንግዳ ጋር ስለምነጋገር ልጨምር።

ዘለላ ካለው ሌላ የቡሽ ብልሽት የሚባል አለ፣ እሱ ፈጽሞ የተለየ ነው። ቡሹ ውስጥ ከሚፈጠር ውህድ ይመጣል። ሽታው የረጠበ ካርቶን ወይም ሻጋታ የያዘው ምድር ቤት ነው። ይህ በአየር አይሄድም፣ እንዲያውም እየጎላ ነው የሚመጣው። የወይኑ ዕድሜም አይገድበውም፣ አምና የታሸገ ላይም ይገኛል። ይህን ካገኛችሁ ሳትሳቀቁ መልሱ። ጨዋ ቤት ይቀይርላችኋል።

የአሮጌ ጠርሙስ ቡሽ ይሰባበራል። ጠመዝማዛው መክፈቻ መሃሉን እየቦረቦረ ያደቅቀዋል። ሁለት ቀጫጭን ምላስ ያለው መክፈቻ አለ፤ በቡሹና በጠርሙሱ መካከል ግራ ቀኝ እያወዛወዛችሁ ታስገቡታላችሁ፣ ከዚያ እያዞራችሁ ትስቡታላችሁ። ከሃያ ዓመት በላይ የሆነው ጠርሙስ ያላችሁ ሰዎች ይህን ሳትይዙ አትጀምሩ። ቡሹ ተሰባብሮ ቢገባም አትዘኑ። በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልላችሁ ቅዱት፣ ጣዕሙ ምንም አይሆንም።

ዲካንተር ላይ ግን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ሙሳር ለብዙ ሰዓት አየር የሚወድ ወይን ነው፣ ራሳቸውም ይህንኑ ይመክራሉ። ሁሉም አሮጌ ወይን ግን እንደዚህ አይደለም። በጣም የደከመ ወይን ካለ ዲካንተር ውስጥ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ትንሽ ቀድታችሁ ቅመሱ። ጠንካራና የተዘጋ ከሆነ ገልብጡት። ስስና የሚያምር ከሆነ ከጠርሙሱ እየቀዳችሁ ቶሎ ጠጡት።


የቤይሩቷ

ወንድሜ ዘለላ፣ ጋዚርን ስትጠራ ልቤ ሞቀ። እዚህ ምግብ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። አሠሪዎቻችን ወይን ሊገዙ ወደ ቤካ ሲወጡ አብሬ ሄጄ አውቃለሁ። መንገዱ ተራራውን ሽቅብ ይወጣና ሸለቆው በአንዴ ከሥራችሁ ይዘረጋል። ለጥ ያለ ሜዳ ነው፣ ሁለቱም ጎኑ ተራራ። ቀን ፀሐዩ ይከካል፣ ማታ ሹራብ ያስፈልጋል። ወይን አዋቂዎቹ ፍሬው ጣፋጭ ሆኖ አሲዱን ሳያጣ የሚበስለው በዚህ ምክንያት ነው ይላሉ። በዚሁ ሸለቆ ባልቤክ ላይ ሮማውያን ለወይን አምላካቸው ለባኩስ የሠሩት መቅደስ ዓምዶቹ እስከ ዛሬ ቆመዋል። ከሙሳር የሚቀድመው ሻቶ ክሳራም እዚያው ነው፣ ኢየሱሳውያን መነኮሳት በ1857 የጀመሩት።

እኔ ግን ልነግራችሁ የፈለግኩት የጦርነቱን ዘመን ነው። እዚህ ያሉ ሰዎች ሙሳርን ሲያነሱ እሱን ሳይነግሩ አያልፉም። የእርስ በርስ ጦርነቱ ከ1975 እስከ 1990 ነው የቆየው። እርሻው ቤካ፣ መጥመቂያው ጋዚር፣ በመሃል ግንባሩ። በ1976 ምንም ወይን አልተጠመቀም። በ1984 ፍሬ የጫኑት መኪኖች በተዘጉ መንገዶች ሲንከራተቱ ቆይተው ሲደርሱ ወይኑ መኪናው ላይ መፍላት ጀምሮ ነበር። በቀሩት ዓመታት ግን መከሩ ገባ፣ ወይኑ ተጠመቀ። ሀገር ውስጥ የሚገዛ ሲጠፋ ጠርሙሳቸውን ይዘው ወደ እንግሊዝ ሄዱ። በ1979 ብሪስቶል በተደረገው የወይን ትርዒት ማይክል ብሮድቤንት የተባለው የጨረታ ቤት ባለሙያ ቀምሶ አደነቀው፣ ዓለም ያወቃቸው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1984 ደግሞ ዲካንተር የተባለው መጽሔት የዓመቱን ሰው መሰየም ሲጀምር የመጀመሪያው ሰርጅ ሆሻር ነበር። ልብ በሉ፣ መኪኖቹ መንገድ ላይ የቀሩበት ዓመት ነው።

ስለዚህ የ1980ዎቹን ጠርሙስ የሚከፍት ሰው ካለ ፍሬው በየት አልፎ እንደመጣ ያስብ። እኔ ይህን ካወቅኩ በኋላ ስቀዳ እንኳ እጄ ይጠነቀቃል።


ዳኛ ምላስ

እህቴ የቤይሩቷ፣ ይህን ታሪክ አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ።

ዘለላ፣ ደጋግሞ መቅመስ ያልከውን ተቀብያለሁ። የሼቫል ብላኑም ነገር ጥሩ መልስ ነው። እኔ ግን አሁንም የሚስበኝ ሌላ ዓይነት እርጅና ነው። የስፔኑን ሪዮሃ ግራን ሬዘርቫ የቀመሰ አለ? እዚያ ሕጉ ራሱ ቢያንስ አምስት ዓመት ይቆይ ይላል፣ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ ሁለቱ በርሜል ውስጥ። አሮ ከተማ ላይ ያለው ሎፔስ ደ ኤሬዲያ፣ በ1877 የተመሠረተው፣ ከሕጉም አልፎ ነው የሚያቆየው። የእነሱም ቅይጥ ነው፦ ቴምፕራኒዮ ይበዛል፣ ጋርናቻ፣ ግራሲያኖና ማሱዌሎ ይገቡበታል። ማሱዌሎ ማለት ያው ያንተ ካሪኛን ነው። ያረጀ ሆኖ ሽታው የተረጋጋ፣ ቫኒላና የደረቀ ፍሬ ያለው። ለጀማሪ ሰው ከሙሳር በፊት እሱን ነው የምመርጠው።


ዘለላ

ለጀማሪ በሚለው እስማማለሁ። ሙሳርን የመጀመሪያ አሮጌ ወይኑ ያደረገ ሰው ሊደናገር ይችላል። ከሙሳር ቤት መጀመር ለሚፈልግ ደግሞ ሙሳር ጀን የሚባለው አለ፣ በርሜል ያልነካው፣ በወጣትነቱ የሚጠጣ። ከእሱ ቀጥሎ ሆሻር ፔር ኤ ፊስ። የቤቱን ጠባይ በጥቂት ገንዘብ ያስተዋውቃሉ።


የባቱ ልጅ

እኔ ባቱ ነው ያደግኩት፣ ከዝዋይ ሐይቅ ዳር። የወይን እርሻው ሲተከል በዓይናችን አይተናል። ጉማሬ እንዳይገባ ዙሪያውን ጉድጓድ ተቆፍሮለት ነበር። ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ የእኛው ሪፍት ቫሊ ቀይ ወይን እንደ ሙሳር ቢቀመጥ ያምራል? አባቴ የቆየ ሁሉ ይሻላል ይላል።


አስተናጋጇ

የባቱ ልጅ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። አባትህን አክብሬ ልመልስ።

የቆየ ሁሉ አይሻልም። በዓለም ላይ የሚጠመቀው አብዛኛው ወይን በጥቂት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ ነው የሚጠመቀው። ለመቆየት አሲድም፣ ታኒንም፣ የፍሬ ክምችትም ያስፈልጋል። ታኒን ያ አፍ የሚያደርቀው ጉምዛዜ ነው፣ ከፍሬው ቆዳና ከዘሩ የሚመጣው። በጊዜ ብዛት የታኒኑና የቀለሙ ቅንጣቶች እየተያያዙ ይከብዱና ይዘቅጣሉ። ቀለሙ የሚፈዝዘውና ጉምዛዜው የሚለሰልሰው ለዚህ ነው፤ ዘለላ ያየው አተላ ራሱ ያ ነው። ከመጀመሪያው ታኒን የሌለው ወይን ቢቆይ የሚያለሰልሰው ነገር የለም። ፍሬው ይጠፋና ባዶ ይቀራል።

ጠጅን አስበው። ጠጅ ሲቆይ ስኳሩ እያለቀ ይበረታል፣ ይደርቃል። ጠርሙስ ውስጥ ያለው ቀይ ወይን ግን መፍላቱን ጨርሶ ነው የገባው። ቢቆይ አልኮሉ አይጨምርም። የሚለወጠው መዓዛውና አፍ ላይ ያለው ስሜት ነው።

ወደ ዝዋዩ ስንመጣ፣ ሪፍት ቫሊን የሚጠምቀው ካስቴል የመጀመሪያ ጠርሙሶቹን ያወጣው በ2014 ነው። ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ አላቸው። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ላይ ነው፣ ከቤካም ይበልጣል። ነገር ግን እዚያ ክረምት ወይኑን የሚያስተኛው ብርድ የለም፣ ስለዚህ ተክሉን በመግረዝ ነው የሚያሳርፉት። ቀዮቹን ከምግብ ጋር ሳቀርብ ወጣት ሲሆኑ ነው የሚያምሩት። ጉደርም እንደዚያው ነው፣ ተገዝቶ ለመጠጣት የተሠራ ወይን ነው። ግን ካበርኔውን ወይም ሲራውን ሁለት ጠርሙስ ገዝተህ አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ብትከፍተው በጣም ደስ ይለኛል። ተመልሰህም እዚህ ጻፍልን። የሀገራችን ወይን እንዴት እንደሚያረጅ መዝግቦ ማስቀመጥ የእኛ የጠጪዎቹም ሥራ ነው።


አሽዶድ

ሰላም ከእስራኤል። ሙሳር እዚህ አይሸጥም፣ ሁለቱ አገሮች አይነጋገዱም። ኮሸር፣ ማለትም የአይሁድን የምግብ ሕግ፣ ለምንጠብቅ ሰዎችም አይሆንም ነበር። ያረጀ ቅይጥ ቀይ መቅመስ ለሚፈልግ የኛ ማኅበረሰብ ሰው ዶሜን ዱ ካስቴልን እጠቁማለሁ። ኢየሩሳሌም ዙሪያ ካሉት ተራሮች ነው። ግራን ቫን የሚባለው ዋናው ቀይ በቦርዶ ዘዴ ካበርኔ ሶቪኞን ላይ የተመሠረተ ቅይጥ ነው፣ የመጀመሪያው መከር የ1992 ነው። ከዝዋዩ ካስቴል ጋር ስማቸው ቢገጥምም ዝምድና የላቸውም። ለበዓል ሌሊት አሥር ዓመት ያለፈው ጠርሙስ ከፍተን ነበር። ጥቁር ፍሬው ወደ ደረቀ ፕሪም ዞሮ፣ የዝግባ እንጨት ሽታ ይዞ። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ድገሙን አሉ።


ደጋው (ቨርጂኒያ)

ዘለላ፣ ጎረቤት ነን። ያልነካኸው ትልቅ ነገር አለ፦ አቀማመጥ።

ያረጀ ወይን ስትገዙ ዓመቱን ሳይሆን የት እንደኖረ ጠይቁ። ጥሩው ሙቀት ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የማይለዋወጥ። የእኛ ሰው ብዙ ጊዜ ጠርሙሱን ወጥ ቤት፣ ከምድጃው በላይ ወይም ፍሪጁ አናት ላይ ነው የሚያስቀምጠው። እዚያ ሁለት በጋ ካሳለፈ የሃያ ዓመቱም ወይን የተቀቀለ ጃም ይሆናል። ጋራዥም እዚህ አገር በሐምሌ ምድጃ ነው። ምድር ቤት ያላችሁ ጨለማው ጥግ ላይ አጋድማችሁ አስቀምጡ። ቡሹ ከወይኑ ጋር ካልተነካካ ይደርቅና አየር ያስገባል።

ስትገዙ የወይኑን ከፍታ እዩ። አንገቱ ውስጥ ከሆነ መልካም። ከጠርሙሱ ትከሻ በታች ከወረደ ቡሹ አሳልፏል ማለት ነው፣ ተዉት። ቡሹ ወደ ላይ ገፍቶ ከወጣም ሙቀት አግኝቶታል።

ለዲሲና አካባቢው ሰው ደግሞ ከደጃችሁ ጥሩ ቅይጥ አለ። ባርበርስቪል በ1976 ነው እዚህ ቨርጂኒያ የተጀመረው። ኦክታጎን የሚሉት ቀያቸው ሜርሎን መሠረት አድርጎ ካበርኔ ፍራንና ፕቲ ቬርዶ የሚገቡበት ነው፣ ከ1991 መከር ጀምሮ አለ። በደንብ ያረጃል። በአንድ ቀን ሄዳችሁ ቀምሳችሁ ትመለሳላችሁ።


ወለተ ሸዋ (አዲስ አበባ)

ጥያቄ አለኝ እባካችሁ። ለእናትና አባቴ የጋብቻ ዓመት በዓል አንድ ያረጀ የቦርዶ ቅይጥ ከውጭ መጥቶልኛል። አዲስ አበባ ላይ ምድር ቤት የለንም። እስከዚያ የት ላስቀምጠው? ከምን ጋርስ ላቅርበው? እናቴ ዶሮ ወጥ ካልተሠራ በዓል አይመስላትም።


አስተናጋጇ

እንኳን አደረሳቸው! የአዲስ አበባ አየር ለወይን ብዙ አይከፋም። ፀሐይ የማይገባበት ክፍል ምረጪ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ከታች፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለሽ አጋድሚው። የቀንና የሌሊቱ ልዩነት እንዳይነካው ነው ብርድ ልብሱ። ለጥቂት ወራት ይበቃዋል። ከመክፈትሽ በፊት ያለው ቀን ላይ አቁሚው።

የዶሮ ወጡን ነገር በግልጽ ልንገርሽ። በርበሬና አሮጌ ቀይ ወይን አይስማሙም። አልኮሉና ታኒኑ የበርበሬውን ማቃጠል ያብሱታል፣ በርበሬው ደግሞ ያንን ስስ መዓዛ ይሸፍነዋል። ሃያ ዓመት የጠበቀ ነገር በአንድ ጉርሻ ይጠፋል። ዶሮ ወጡ ይሠራ፣ የእናትሽ ደስታ ይቅደም። ወይኑን ግን ከእሱ በፊት፣ ለብቻው ሰዓት ስጪው። የበግ አሮስቶ በጥብስ ቅጠልና በነጭ ሽንኩርት ብታሰናጂ በጣም ይሄዳል። የእንጉዳይ ጥብስም ቢሆን፣ ቃሪያ ሳይገባበት። ያረጀ ወይንና እንጉዳይ የአንድ አፈር ሽታ አላቸው። ጠንካራ ፕሮቮሎኔ አይብ ካገኘሽም ጎኑ አድርጊለት።


ዘለላ

ወለተ ሸዋ፣ ሁሉንም ብላልሻለች። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ብርጭቆው ሆዱ ሰፊ፣ አፉ ጠበብ ያለ ይሁን፣ ከሲሶው በላይም አትቅጂ። ሽታው የሚሰበሰበው ባዶው ቦታ ላይ ነው። ሙቀቱ ደግሞ 18 ዲግሪ ገደማ ይሁን። ክፍሉ ሞቃት ከሆነ ሩብ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አስገቢው። በጣም ከቀዘቀዘ ታኒኑ ይጎላል፣ መዓዛው ይታፈናል።

ለአባትሽና ለእናትሽ የመጀመሪያውን ስትቀጂ ትንሽ ይሁን። ከዚያ ብርጭቋቸው ሳይነሳ አሮስቶውን አቅርቢ። እየበሉ እየቀመሱ ሲቆዩ የሚሰማቸውን እንዲናገሩ ጠይቂያቸው። የፈረንጅ ቃል አያስፈልግም። ቀረፋ፣ ቴምር፣ ዕጣን፣ የዝናብ መሬት፣ የመጣላቸውን ይበሉ።


ወለተ ሸዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለ ሁለት ምላሱን መክፈቻ ፍለጋ ነገ እወጣለሁ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ታች የሚቀረው አተላ ይደፋል?


አስተናጋጇ

አትድፊው። በነጠላ ጨርቅ አጥልዪና የጠለለውን አሮስቶው ከድስቱ ሲወጣ በቀረው ጭማቂ ላይ ጨምረሽ አፍዪው፣ አልኮሉ ይውጣ። ትንሽ ቅቤ ጣል አድርጊና ሥጋው ላይ አፍስሺው። መክፈቻውን ካጣሽው ጻፊልኝ፣ የት እንደሚሸጥ እጠቁምሻለሁ።